በፀደይ ወራት የጣና ሐይቅ ነፋስ፣ ማዕበልና የጀልባ ጉዞ

በሚያዝያ ወር ማለዳ ከባሕር ዳር ወደብ ሆኖ ጣናን የሚመለከት ሰው እንደ መስተዋት የረጋ ውኃ ያያል። ከዘጌ በኩል ማገዶ ጭነው የሚመጡት ታንኳዎች ከኋላቸው ቀጭን ዱካ ጥለው ያልፋሉ። በዚያው ዕለት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በዚያው ቦታ የቆመ ሰው ግን ሌላ ሐይቅ ያገኛል። አረፋ የደፈቀ ማዕበል ዳርቻውን ይመታል፤ የታሰሩ ጀልባዎች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ ጠዋት ወደ ገዳማት የወጡ መንገደኞችም በረጠበ ልብስ ይመለሳሉ።

ይህ ለውጥ እንግዳ ክስተት አይደለም። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ በጣና ላይ በአብዛኛው ቀናት የሚደጋገም የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን የሚያውቁ ዓሣ አስጋሪዎችና ጀልባ ነጂዎች የሥራ ሰዓታቸውን በእርሱ ይለካሉ። በዓል ለማክበር፣ ለገበያ ወይም ለሕክምና ሐይቁን አልፎ አልፎ የሚሻገር ሰው ግን በጠዋቱ እርጋታ ተማምኖ ከሰዓት በኋላ ላይ ችግር ውስጥ ይገባል። በፀደይ ወራት በጣና ላይ የሚደረግን ጉዞ ደኅንነት ከመነሻው ሰዓት ይልቅ የመመለሻው ሰዓት ይወስነዋል። ምክንያቱ ከዚህ በታች በዝርዝር ቀርቧል።

ሐይቁና ወቅቱ

ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ሲሆን የቆዳ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ደግሞ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ ይህን ያህል ይሁን እንጂ ጥልቀቱ አነስተኛ ነው። እጅግ ጥልቅ የሆነው ሥፍራ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይዘልም፤ አማካይ ጥልቀቱ ደግሞ ከ8 እስከ 9 ሜትር ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ዋና ዋና ገባር ወንዞቹ ናቸው። መውጫው አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም በባሕር ዳር በኩል የሚወጣው ዓባይ ነው። ሐይቁና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል።

በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ የበልግ ወቅት ይሉታል። ለጣና አካባቢ ሁለቱም ስያሜዎች የሚያመለክቱት በበጋው ድርቀትና በክረምቱ ዝናብ መካከል ያለውን የሽግግር ጊዜ ነው። በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች በልግ የሰብል ዝናብ ቢሆንም የጣና ተፋሰስ ዋነኛ ዝናቡን የሚያገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በመሆኑም በዚህ አካባቢ መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት የዓመቱ ሞቃት ወራት ናቸው። በባሕር ዳር የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል።

በነዚሁ ወራት ሦስት ነገሮች በአንድነት ይገጥማሉ። የየብሱ ሙቀት ነፋስን ያበረታል፤ ከደቡብ ምዕራብ መግባት የሚጀምረው እርጥበት ነጎድጓድን ያመጣል፤ የሐይቁ ውኃም ወደ ዓመቱ ዝቅተኛ ደረጃ ይወርዳል። ለጀልባ ጉዞ አስቸጋሪ የሚሆነው የሦስቱ መደራረብ ነው።

የዕለቱ ነፋስ እንዴት ይፈጠራል

ፀሐይ ስትወጣ የብስና ውኃ እኩል አይሞቁም። የታረሰ መሬት፣ ድንጋይና የከተማ አስፋልት ቶሎ ይግላሉ። ውኃ ግን ሙቀቱን ወደ ውስጥ ስለሚያሰርግና ለመሞቅ ብዙ ኃይል ስለሚፈልግ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ከረፋዱ ጀምሮ በየብሱ ላይ ያለው አየር ሞቆና ቀሎ ወደ ላይ ይወጣል። በሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቀዝ ያለ አየር ቦታውን ለመያዝ ወደ ዳርቻው ይነፍሳል። ይህ የሐይቅ ነፋስ ነው።

ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ስለሚነፍስ አቅጣጫው እንደየዳርቻው ይለያያል። በባሕር ዳር በኩል ከሰሜን፣ በጎርጎራ በኩል ከደቡብ፣ በፎገራ በኩል ከምዕራብ፣ በቁንዝላ በኩል ደግሞ ከምሥራቅ የሚመጣ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ከረፋዱ 4 እና 5 ሰዓት አካባቢ ይሰማል፤ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ይበረታል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዳከማል። ግንቦት እየገፋ ሲሄድ ከደቡብ ምዕራብ የሚገባው የክረምት ነፋስ ከዕለቱ ነፋስ ጋር ስለሚደመር በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የሚደርሰው ማዕበል እየጠነከረ ይመጣል።

ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። የብሱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ውኃው ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ ይቆያል። ከደጋው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ወደ ሐይቁ ይነፍሳል። ይህ የየብስ ነፋስ ከቀኑ ነፋስ የለሰለሰ ነው። ሁለቱ ነፋሶች የሚቀያየሩበት ጊዜ፣ ማለትም ከንጋት እስከ ረፋድ ያለው፣ ሐይቁ የሚረጋበት ሰዓት ነው። የዘጌ ታንኳ ቀዛፊዎች ገና ሳይነጋ መነሳታቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ማዕበሉ ለምን ያጥራል፣ ለምንስ ይቆማል

የማዕበል መጠን በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ በነፋሱ ፍጥነት፣ ነፋሱ በቆየበት ጊዜና ነፋሱ በውኃ ላይ በተጓዘበት ርቀት። ጣና ሰፊ በመሆኑ ነፋሱ ሳይደናቀፍ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በደሴትና በልሳነ ምድር የተከለለ ውኃ፣ ለምሳሌ በዘጌ ከለላ ያለው የባሕር ወሽመጥ፣ ረግቶ ሳለ ከዘጌ ጫፍ ወጣ ብሎ ያለው ክፍት ውኃ ሊናወጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። መንገደኛው ከወደቡ ሲነሣ የሚያየው የተከለለውን ውኃ ብቻ መሆኑን መዘንጋት የለበትም።

ጥልቀት የሌለው ውኃ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በጥልቅ ውኃ ላይ ማዕበል ረጅምና ዘንበል ያለ ሆኖ ጀልባን ቀስ ብሎ ያነሣል፣ ያወርዳል። በጣና ላይ በተለይም ወደ ዳርቻው ሲጠጋ ማዕበሉ የሐይቁን ወለል ስለሚነካ ይዘገያል፣ ይጠጋጋል፣ ቀጥ ብሎም ይቆማል። ቁመቱ ብዙ ባይሆንም በተከታታይ ስለሚመታ አጭር ጀልባ ከአንዱ ማዕበል ሳትነሣ ሌላው ይደርስባታል። ውኃ ወደ ውስጥ የሚረጨውም ሆነ ጭነት የሚንሸራተተው በዚህ ጊዜ ነው።

የነፋሱን ብርታት ያለ መሣሪያ ለመገመት የውኃውን ገጽ ማየት ይጠቅማል። ውኃው ላይ ትንንሽ ሽብሽብ ብቻ ካለ ነፋሱ ቀላል ነው። እዚህም እዚያም ጥቂት ነጭ አረፋ መታየት ሲጀምር ፍጥነቱ በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ደርሷል ማለት ነው። ነጭ አረፋው በብዛት ሲታይ ደግሞ ነፋሱ በሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ውስጥ ገብቷል። በዚህ ደረጃ ለታንኳና ለትንሽ ጀልባ ክፍት ውኃ መሻገር አይመከርም። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚያሳድረው ግፊት አራት እጥፍ እንደሚሆን ማወቅም ተገቢ ነው። ከጠዋቱ በጥቂቱ የጨመረ የሚመስል ነፋስ ጀልባዋን እጅግ በበለጠ ኃይል የሚገፋው ለዚህ ነው።

ነጎድጓድና ድንገተኛ ነፋስ

የዕለቱ የሐይቅ ነፋስ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ የሚጠነቀቅ ሰው ይቀድመዋል። ነጎድጓድ ያዘለ ደመና የሚያመጣው ነፋስ ግን ጊዜ አይሰጥም። ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ፣ ይበልጡንም በግንቦትና በሰኔ፣ ከቀትር በኋላ በጉና ተራራና በዙሪያው ባሉ ደጋዎች ላይ ደመና ይቆለላል። ዝናቡ ሲወርድ የቀዘቀዘው አየር ከደመናው ሥር ተወርውሮ መሬትን ከመታ በኋላ ወደ ጎን ይበተናል። ይህ ነፋስ ከዝናቡ ቀድሞ ስለሚደርስ በሐይቁ ላይ ያለ ሰው ሰማዩ ከራሱ በላይ ብራ ሆኖ ሳለ በማዕበል ሊያዝ ይችላል።

ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው። ሲነፍስ የነበረው የሐይቅ ነፋስ ድንገት ዝም ማለቱ፣ ከዚያም ቀዝቃዛ አየር ከተቃራኒ አቅጣጫ መምጣቱ፣ ሥሩ የጠቆረ ደመና ወደ ሐይቁ መጠጋቱ፣ በሩቅ የሚታየው ውኃ ቀለሙ ጠቁሮ ወደ ጀልባዋ መቅረቡ ናቸው። ከነዚህ አንዱ በታየ ጊዜ ጉዞውን ለመጨረስ ከመሞከር ይልቅ ቅርብ ወዳለው ደሴት ወይም ዳርቻ መጠጋት ይበጃል።

መብረቅን በተመለከተ ቀላል መለኪያ አለ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ብልጭታው ከታየበት እስከ ነጎድጓዱ ድምፅ ድረስ ያለው ጊዜ 30 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደመናው በ10 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ነው፤ በውኃ ላይ መቆየትም አደገኛ ነው። በሜዳ ውኃ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ነገር ጀልባዋና በውስጧ ያለው ሰው ናቸው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሐይቁ መመለስ አይገባም።

ከዚህ ጋር ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላ ጉዳይ አለ። በየብስ ላይ ያለ ገበሬ ዝናብን የሚጠብቀው ከቀትር በኋላ ነው። በሐይቁ ላይ ግን ነጎድጓድና ዝናብ በሌሊት ይበዛሉ። ከየአቅጣጫው ወደ ሐይቁ የሚነፍሰው የየብስ አየር በሞቀው ውኃ ላይ ሲገናኝ ወደ ላይ ይገፋና ደመና ይሠራል። ስለዚህ በግንቦትና በሰኔ መረብ ለመጣል ሌሊቱን በሐይቁ ላይ የሚያድር አስጋሪ ምሽቱ ብራ ነበር ብሎ መዘናጋት የለበትም።

ውኃው ሲሸሽ

የጣና ከፍታ በዓመት ውስጥ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከፍተኛው ክረምቱ ሲያበቃ በመስከረም አካባቢ ይደርሳል። ዝቅተኛው ደግሞ ዝናቡ ከመጠናከሩ በፊት በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ነው። በፀደይ ወራት ወንዞቹ ይቀንሳሉ፤ በሙቀቱ የሚተነው ውኃ ግን ይጨምራል። ከተፈጥሮው በተጨማሪ የሰው እጅም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ የጀመረው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ በባሕር ዳር መውጫ ላይ የሚለቀቀውን ውኃ ይመጥናል። ግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም በምዕራብ በኩል ከሐይቁ ውኃ ይወስዳል።

የውኃው መውረድ ለጉዞ ምን ማለት እንደሆነ በ1995 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። በዚያ ዓመት የሐይቁ ከፍታ ከ1,785 ሜትር በታች በመውረዱ የመርከብ ጉዞ ለአራት ወራት ያህል ተቋርጦ ነበር። ሰፊ የደንገል ሥፍራም ደርቋል፤ የዓሣ ምርቱም ቀንሷል። ትልልቆቹ መርከቦች ጥልቅ ወደብ ስለሚሹ የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች እነርሱ ናቸው። ትንንሾቹ ጀልባዎች ግን ጉዞ ሳያቋርጡ ለሌላ አደጋ ይጋለጣሉ። በመስከረም በላያቸው ሲታለፍ የነበሩ ድንጋዮች፣ የዛፍ ጉቶዎችና የደለል ክምሮች በግንቦት ከውኃው ወለል ጥቂት ጣት ዝቅ ብለው ይቆያሉ። ረግቶ ሳለ በቀለም ለውጥ የሚለይ ድንጋይ በማዕበል ጊዜ አይታይም።

በወንዞቹ አፍ አካባቢ ያለው ደለል ከዓመት ወደ ዓመት ቦታውን ስለሚለዋውጥ ያለፈው ዓመት መንገድ ለዘንድሮ ዋስትና አይሆንም። በዓባይ መውጫና በሣር በተሸፈኑ ዳርቻዎች ደግሞ ጉማሬዎች አሉ። በጥልቅ ውኃ ከሰው የሚርቁት እንስሳት ውኃው ሲጎድል በጠባቡ መተላለፊያ ከጀልባ ጋር ስለሚገናኙ በነዚህ ቦታዎች ፍጥነት መቀነስና ርቀት መጠበቅ ያስፈልጋል።

በደምቢያ፣ በፎገራና በሌሎች ዝቅተኛ ዳርቻዎች ባሕር ሸሽ በሚባለው መሬት ላይ ለሚያርሱ ገበሬዎችም የነፋሱ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። ዳርቻው ለጥ ያለ በመሆኑ ለረጅም ሰዓት ወደ የብስ የሚነፍስ ነፋስ ማዕበሉን ወደ ማሳው ያደርሰዋል። በውኃው ጠርዝ የታሰረ ከብት፣ የተከመረ ሰብልና የተተወ ታንኳ ከቀትር በፊት ከፍ ወዳለ ቦታ ቢዛወሩ ጉዳት ይቀንሳል።

እምቦጭና ነፋስ

በሐይቁ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 መታየቱ የተረጋገጠው የእምቦጭ አረም በይበልጥ የሰፈረው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻዎች ነው። እምቦጭ ሥሩን መሬት ላይ ሳያጸና ስለሚንሳፈፍ በነፋስ ይነዳል። ጠዋት ክፍት የነበረ የጀልባ መውጫ ከሰዓት በኋላ በአረም ምንጣፍ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። አረሙ የሞተር ተሽከርካሪን ይጠመጥማል፤ የማቀዝቀዣ ውኃ መሳቢያውንም ይደፍናል። ሞተር በማዕበል መካከል ሲጠፋ ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጣለች፤ ይህም ለመገልበጥ የምትቀርብበት አቋም ነው። ወደ እነዚህ ዳርቻዎች የሚጓዝ ነጂ ተለዋጭ መውረጃ ቦታ አስቀድሞ ማወቅና መቅዘፊያ መያዝ ይኖርበታል።

በሐይቁ ላይ የሚሠሩ የውኃ መጓጓዣዎች

ታንኳ ከደንገል ታስሮ የሚሠራ ጥንታዊ መጓጓዣ ነው። በሥራው የታወቁት የወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ደንገሉ ራሱ ተንሳፋፊ በመሆኑ ታንኳ ውኃ ቢገባባትም እንደ እንጨት ጀልባ አትሰጥምም። ድክመቷ እያደር ውኃ እየጠጣች መክበዷ ነው። በደንብ ያልደረቀች ወይም ያረጀች ታንኳ ዝቅ ብላ ስለምትቀዘፍ ትንሽ ማዕበል እንኳ ጭነቱን ያረጥባል። በፀደይ ወራት ለታንኳ የሚስማማው ሰዓት ከንጋት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን መንገዷም ዳርቻውን የተከተለ ሊሆን ይገባል።

ከእንጨት፣ ከብረት ወይም ከፋይበር የሚሠሩ ሞተር ጀልባዎች ጎብኚዎችን፣ ምዕመናንንና ነጋዴዎችን ያመላልሳሉ። ከታንኳ ይፈጥናሉ፤ ፍጥነታቸው ግን ከማዕበል አያድናቸውም። የነዚህ ጀልባዎች ዋነኛ ችግር ከመጠን ያለፈ ጭነት ነው። ጀልባ በረጋ ውኃ ላይ ሳትሰጥም መቆሟ ጭነቱ ልክ መሆኑን አያሳይም። ሊታይ የሚገባው ከውኃው ወለል እስከ ጀልባዋ ከንፈር ያለው ከፍታ ነው። ይህ ከፍታ ከሚጠበቀው ማዕበል ያነሰ ከሆነ ውኃ መግባቱ አይቀርም። በበዓላትና በገበያ ቀናት ሰው ሲበዛ አንድ ጊዜ አጭቆ ከመጫን ሁለት ጊዜ መመላለስ የተሻለ ነው።

በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል ዘጌን፣ ደቅ ደሴትን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነኩ የሚጓዙ ትልልቅ ጀልባዎች ለደሴቶቹ ነዋሪዎች ዋነኛ መገናኛ ሆነው ኖረዋል። ማዕበልን ከትንንሾቹ ይልቅ ይቋቋማሉ። ይሁን እንጂ ከነርሱ ወደ ትንሽ ጀልባ ተዛውሮ ወደ ዳርቻ መውረድ በማዕበል ጊዜ ከጉዞው ሁሉ የከፋው ክፍል ሊሆን ይችላል።

የጉዞ ሰዓትን ማስላት

ከባሕር ዳር ደቅ ደሴት በውኃ መንገድ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ ጀልባ 30 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስፈልጋታል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የተነሣ መንገደኛ ረፋዱ አልፎ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። ለሁለት ሰዓት ተኩል ጉዳዩን ፈጽሞ ሲመለስ 8 ሰዓት ይሆናል። የመልሱ ጉዞ እስከ 10 ሰዓት ተኩል ይዘልቃል ማለት ነው። ይህም ነፋሱ ከሚበረታበትና ነጎድጓድ ከሚነሣበት ሰዓት ጋር ሙሉ በሙሉ ይገጥማል።

ያው መንገደኛ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቢነሣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። በሁለት ሰዓት ጉዳዩን ጨርሶ ቢነሣ 7 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ይገባል። ነፋሱ ቢያገኘውም የሚያገኘው በመንገዱ መጨረሻ ነው። ጉዳዩ ረዘም ያለ ከሆነ ደግሞ እዚያው አድሮ በማግስቱ ማለዳ መመለስ ይሻላል። ለዘጌና በአቅራቢያው ላሉት ገዳማት ርቀቱ አጭር ቢሆንም ስሌቱ ተመሳሳይ ነው። አስቀድሞ በውኃ ላይ መቆየት የማይገባበትን ሰዓት መወሰን፣ ከዚያም ወደ ኋላ ቆጥሮ የመነሻውን ሰዓት ማውጣት ነው።

ከመነሣት በፊት

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዕለት፣ የአሥር ቀንና የወቅት ትንበያዎችን ያወጣል። ትንበያው ለሰፊ አካባቢ የሚነገር በመሆኑ በሐይቁ ላይ ያለውን ሁኔታ ከዳርቻው ሰው መጠየቅም ያስፈልጋል። ትንበያው ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ የሚጠቅስ ከሆነ የከሰዓት በኋላ ጉዞን መተው ይገባል።

ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩ፣ ሕፃናት በልካቸው ማግኘታቸው መረጋገጥ አለበት። ጃኬቱ ከመቀመጫ ሥር ተቀምጦ አያድንም፤ ከመነሣት በፊት መልበስ ያስፈልጋል። ከሞተሩ ሌላ መቅዘፊያ፣ መልህቅና ጠንካራ ገመድ፣ ውኃ መቅጃ ዕቃ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ስልክና የእጅ ባትሪ መያዝ ይገባል። ነዳጅ ለመሄጃና ለመመለሻ ከሚበቃው በላይ ሊኖር ይገባል፤ ነፋስን ፊት ለፊት የሚገፋ ሞተር ብዙ ነዳጅ ይፈጃልና። የሚሄዱበትን ቦታና የሚመለሱበትን ሰዓት በየብስ ለሚቀር ሰው መንገርም ወጪ የሌለው፣ ፍለጋን ግን የሚያፋጥን ጥንቃቄ ነው።

ጭነት ሲደለደል ከባዱ ከታችና ከመካከል ይሆናል። ጆንያ፣ ማገዶና ሣጥን እንዳይንሸራተቱ ይታሰራሉ። ከብት የሚጭን ሰው እንስሳው ሲደነግጥ ወደ አንድ ጎን መንቀሳቀሱ ጀልባን ሊገለብጥ እንደሚችል አስቦ ከተሳፋሪ ለይቶ ማጓጓዝ ይኖርበታል።

በማዕበል ውስጥና አደጋ ሲደርስ

ማዕበል የያዛት ጀልባ ፍጥነቷን ቀንሳ ማዕበሉን በፊት ጫፏ በጥቂቱ አግድም አድርጋ ልትቀበለው ይገባል። ጎን መስጠት አደገኛ ነው። ማዕበሉ ከኋላ የሚመጣ ከሆነ ከማዕበሉ ጋር መሽቀዳደም የፊቷን ጫፍ ውኃ ውስጥ ሊዘፍቀው ይችላል። ተሳፋሪዎች ዝቅ ብለው በቦታቸው ይቀመጡ። መቆም ወይም ከማዕበሉ ለመሸሽ ሁሉም ወደ አንድ ጎን መጠጋት የጀልባዋን ሚዛን ያጠፋል። የገባው ውኃ ሳይበዛ ወዲያው መቀዳት አለበት፤ በጀልባ ውስጥ የሚዋልል ውኃ ከማንኛውም ጭነት ይልቅ ሚዛን ያዛባልና።

ጀልባ ቢገለበጥ ወይም ውኃ ቢሞላው መሠረታዊው ሕግ ከእርሱ አለመለየት ነው። ዳርቻ ከውኃ ላይ ሲታይ ከእውነተኛው ርቀት ቀርቦ ይታያል። ብርቱ ዋናተኛ እንኳ በማዕበል ውስጥ ቶሎ ይደክማል። የተገለበጠ የእንጨት ጀልባ ወይም ታንኳ ግን ተንሳፍፎ ይቆያል፤ ለፈላጊም ከሰው ራስ ይልቅ በቀላሉ ይታያል። የጣና ውኃ እጅግ ቀዝቃዛ ባይሆንም ለሰዓታት የቆየበትን ሰው ሙቀት ያሳጣዋል። ስለዚህ ተጠጋግቶና ተያይዞ መቆየት ይገባል። ከውኃ የወጣ ሰው የማይተነፍስ ከሆነ ውኃውን ለማስወጣት ዘቅዝቆ ጊዜ ከማጥፋት ይልቅ ወዲያውኑ ሰው ሠራሽ ትንፋሽ መስጠትና ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።

የባለ ጀልባው ውሳኔ

በእነዚህ ወራት ለጉዞ የሚገፋፉ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። የትንሣኤና የግንቦት ልደታ በዓላት በዚህ ወቅት ይውላሉ። ገበሬው ከክረምቱ በፊት ዘርና ማዳበሪያ ማምጣት አለበት። የደሴት ነዋሪ እናት የታመመ ልጇን ወደ ከተማ ማድረስ ትሻለች። ባለ ጀልባውም የዕለት ገቢውን ያስባል። በዚህ ሁሉ መካከል “ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንሻገርም” ማለት ከባድ ነው። ተሳፋሪው ይቆጣል፤ ገንዘቡም ይቀራል።

ይህን ውሳኔ ቀላል የሚያደርገው በጠዋት መወሰኑ ነው። የመመለሻው ሰዓት ከመነሳቱ በፊት ለተሳፋሪው ሁሉ ከተነገረ፣ ያረፈደም በማግስቱ እንደሚመለስ አስቀድሞ ካወቀ፣ ማዕበሉ ከተነሣ በኋላ በወደቡ ላይ የሚደረግ ክርክር አይኖርም። የጣና ነፋስ በፀደይ ወራት ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ሐይቁን የሚሻገር ሰውም ሰዓቱን አክብሮ ሊመለስ ይገባል።